አባቴን የማበላበት ቤት ፍለጋ

መርካቶን እወደዋለሁ የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምሳህን የት ነበር የምትበላው? እቤቱ እየሄደ ይበላ የነበረ ሰው ስለ መርካቶ ቢያወራ አልሰማውም። ሚስት ወይም ሠራተኛ በሳህን ከድና የምታመጣለትንም እንደዚሁ። መርካቶን አብጠርጥሮ የሚያውቀው ወንደላጤ ነው። ሆዱ በጮኸ ቁጥር የማያውቀው ሰው ያበሰለውን፣ ማን በልቶበት እንደተነሣ በማያውቀው ትሪ ላይ ቀርቦለት የጎረሰ ሰው ነው የሚያውቀው። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርሁ። ደግሞ ከወንደላጤ ሁሉ ተጸያፊው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። ከጎጃም ገጠር የመጣሁት ለመማር ነው። ቀን ቀን በአንድ የአቡጀዲ ሱቅ ጨርቅ እለካለሁ፤ ሲመሽ የማታ ትምህርት ቤት እገባለሁ። የምተኛው ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እስከ ጣሪያው የተከመረው ሁሉ ጨርቅ ስለሆነ እዚያ እሳት መለኮስ ክልክል ነበር፤ ባለ ሱቁ ክብሪት ኪሴ ውስጥ ካገኘ እንኳ ፊቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሻይ እንኳ ማፍላት አልችልም። የምበላው ሁሉ ከውጭ ነበር።

ጥየፋዬን ከማን እንደወረስሁት አላውቅም ነበር። እናቴ ንጹሕ ሴት ናት እንጂ ተጸያፊ አይደለችም። አባቴ ደግሞ ላም አልወልድ ስትል እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ጥጃውን የሚስብ፣ በዚያው ቀን ማታ ተጣጥቦ ቁጭ ብሎ እራቱን የሚበላ ገበሬ ነው። ምንም ነገር አይቀፈውም ብዬ አምን ነበር። እኔ ግን የሌላ ሰው ጣት ጠርዙን ሲነካው ያየሁት ብርጭቆ አያስጠጣኝም። ሰው ሲያላምጥ ድምፁ ከተሰማኝ የራሴ ምግብ ይዘጋኛል። መርካቶ እንዲህ ላለ ሰው ቅጣት ነበረች።

እናም ምን አደረግሁ? ዳቦና ሻይ ያዝሁ። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀትር ላይ ዳቦ በሻይ፣ ማታ ከትምህርት ስመለስ የተረፈች ዳቦ። ዳቦውንም ቅርፊቱን ልጬ ነው የምበላው፤ ቅርፊቱን ስንት እጅ እንደነካው ሳስብ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ሱሪዬ በገመድ ካልታሰረ አልቆም አለኝ። ያከሳኝ ማጣት አልነበረም፤ ባለ ሱቁ ደህና አድርጎ ነበር የሚከፍለኝ። ያከሳኝ ጥየፋ ነው።

ይህን ገላዬን አንድ የአገሬ የቅቤ ነጋዴ፣ የጎጃም መኪኖች በሚቆሙበት በጎጃም በረንዳ ላይ አየው። ሰላም ብሎኝ ዝም ብሎ ቢሄድ ምን ነበረበት? እሱ ግን አገር ቤት ሲመለስ ቀጥ ብሎ እናቴ ዘንድ ሄዶ፣ ልጅሽ አጥንቱ ቀርቷል ብሎ ነገራት። እናቴ አለቀሰች፣ አባቴ ተነሣ። መልእክቱ በዚያው ነጋዴ አፍ ደረሰኝ። አባቴ አዝመራው ገብቶ እጁ ፈታ ሲል ይመጣል፤ የምበላበትን ቤት በዓይኑ ያያል፤ ቤቱ ደህና ከሆነ ይተወኛል፤ ካልሆነ ግን ትምህርቱ ይቅርበት ብሎ ይዞኝ ይመለሳል። አባቴ ያለውን ነገር የሚያጥፍ ሰው አይደለም። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነበርሁ። ወደ ሞፈርና ቀንበር መመለስ አልፈልግም ነበር። ያ ሁሉ ልፋቴ አሁን የተንጠለጠለው በአንድ ምሳ ላይ ነበር።

ስለዚህ አባቴ ከመድረሱ በፊት ንጹሕም ርካሽም የሆነ ቤት መፈለግ ጀመርሁ። መሪዬ በሱቃችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ የሚውል ልብስ ሰፊ ነበር። ይህ ሰው በመርካቶ ውስጥ ያልበላበት ቤት የለም። ምግብን የሚመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞልቷል ወይስ አልሞላም። ሆዱ ከመኪናው ጠርዝ ጋር እየተጋፋበት እጁን ዘርግቶ ነበር የሚሰፋው። ችግሬን ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ መቀሱን አስቀምጦ ተነሣ።

መጀመሪያ የወሰደኝ በርበሬ ተራ ጀርባ ወዳለ ሽሮ ቤት ነው። በርበሬው ሲወቀጥ የሚቦነው ሁሉ ወደዚያ ቤት ይገባል። ተመጋቢው ያስነጥሳል፣ ባለቤቷ ድስቷ ላይ ጎንበስ ብላ ታስነጥሳለች፤ ሁሉም ይማርህ ይማርሽ እየተባባለ ይበላል። ሽሮው ሲቀርብ እየተንተከተከ ነበር፤ ይህን አልክድም። ዳሩ ግን በቤቱ ውስጥ አንዲት ጨርቅ ነበረች። ባለቤቷ በዚያች ጨርቅ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ጠረገች፤ ቀጥላ ያዘለችውን ሕፃን አፍንጫ ጠረገች፤ ቀጥላ የእኔን ሳህን። ዓይኔ እያየ። ጨርቅ ሻጭ ነኝና፣ አንድ ጊዜ ነጭ አቡጀዲ እንደነበረች ከድሯ አወቅሁ። አሁን ግን ቀለሟን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ልብስ ሰፊው የእኔንም ጨምሮ በላ።

ቀጥሎ ሥጋ ቤት ሄድን። ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ ሥጋውን በሁለት እጁ ይገለብጣል፤ ከዚያ ያንኑ ቢላዋ ከአፉ አውጥቶ ይቆርጥበታል። በመካከሉ ራሱን ያካል። ገንዘብ ይቀበላል፤ መልስ ይሰጣል፤ እንደገና ሥጋውን ይይዛል። ዝንቡ ደግሞ ሰው መጣ ብሎ የሚነሣ ዓይነት አልነበረም፤ ሥጋው ተቆርጦ ሲነሣ አብሮ ይነሣና ጠረጴዛው ላይ አብሮ ይቀመጣል። ይህን ሳሳየው ልብስ ሰፊው ቁርጡን በአዋዜ እያጠቀሰ፣ ዝንብ ሞኝ መሰለህ እንዴ፣ የማይጥም ነገር ላይ አያርፍም አለኝ። እኔ ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። ውሃውም ቅባት ነበረው።

ሦስተኛው ቤት ንጹሕ ይመስል ነበር፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው። ወለሉ ተጠርጓል፣ ማስታጠቢያው ያብረቀርቃል። ደስ ብሎኝ ፍርፍር አዘዝሁ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ፤ የምታስተናግደው ልጅም የተረፈውን እንጀራ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ ፍርፍሬ መጣ። አንዷ ቁራሽ ላይ ጎመን ተጣብቋል። እኔ ጎመን አላዘዝሁም። ጎመን ሲበላ የነበረው ያ ሰውዬ ነው። ልጅቷን ጠርቼ ጎመኑን ሳሳያት፣ ተጨማሪ እንዳገኘሁ ቆጥራ ፈገግ አለችልኝ። ያን ቀን ዳቦ እንኳ አልወርድልህ አለኝ።

አራተኛው ግን የሁሉም አባት ነበር። ከጎጃም በረንዳ ጀርባ፣ ጋሪ በማያስገባ ጠባብ መንገድ ውስጥ ያለ የጭቃ ቤት ነው። መስኮት የለውም። ውስጡ በአቡጀዲ መጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል፤ መጋረጃው ጢስና ቅቤ ጠጥቶ እንደ ቆዳ ደርቋል። ባለቤቷ ድምፀ ትልቅ፣ ሰውነተ ሰፊ፣ የአገሬ ሴት ናት። ወጡን በጭልፋ ቀመሰች፤ ጭልፋውን ከላይ እስከ ታች ላሰች፤ መልሳ ድስቱ ውስጥ ከተተችው። አፍንጫዋን በጣቷ ተናፍጣ እጇን በቀሚሷ አበሰች። ይህ ሁሉ ሆኖ ገና ድመቷን አላየኋትም ነበር። መሶቡ ክዳን ላይ አንዲት ግራጫ ድመት ተጠቅልላ ተኝታለች። ሴትየዋ እንጀራ ማውጣት ስትፈልግ ድመቷን በቀኝ እጇ ብድግ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ታስቀምጣታለች፤ በዚያው እጇ እንጀራውን ታወጣለች፤ መሶቡን ከድና ድመቷን እቦታዋ ትመልሳታለች። ድመቷም ለምዳዋለች፤ ዓይኗን እንኳ አትገልጥም።

ያን ጊዜ ሮጬ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ አስታወክሁ። ሴትየዋ ውሃ በጣሳ ይዛ ተከትላኝ ወጣች፤ ግንባሬን ይዛ አስጎነበሰችኝና ጀርባዬን እያሻሸች፣ ልጄ በባዶ ሆድህ ስትዞር ውለህ ነው አይደል አለችኝ። ግንባሬን የያዘችው በዚያችው ቀኝ እጇ ነበር። እንደገና አስታወክሁ።

ተስፋ ቆርጬ ወደ አብነት ሰፈር በሚወስደው መንገድ ስመለስ ነው የምፈልገውን ቤት ያየሁት። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ በሙሉ መስተዋት ነበር። ከውጭ ሆኜ ሳየው ውስጡ ፍንትው ብሎ ይታያል። ጠረጴዛዎቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። አሳላፊው ነጭ ኮት አድርጓል፤ ሳህን ሲያስቀምጥ ሆን ብዬ ጥፍሩን አየሁ፤ ተቆርጧል። ፓስታም እንጀራም ነበራቸው፤ ለምሳ ሰዓት ደግሞ ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ከሥጋ ቤቱ እምብዛም አይበልጥም። ምግቡ ትንሽ ነው፤ ልብስ ሰፊው እዚህ ቤት በልቶ ቢወጣ ሌላ ምሳ ያስፈልገዋል። ለእኔ ግን ገነት ነበር። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳህኑን ሳልመረምር በላሁ። ሁሉ ነገር የሚታይበት ቤት፣ ከዚህ በላይ ምን ንጽሕና አለ ብዬ፣ በመስተዋቱ ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ለአባቴ መረጥሁ።

አባቴ መጣ። ጋቢውን ተከናንቦ ዱላውን ይዞ ከጭነት መኪናው ላይ፣ ከቅቤ ቆርቆሮዎች መካከል ወረደ። ጉልበቱን ስሜ ቀና ስል መጀመሪያ ያደረገው ነገር የእጄን አንጓ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መያዝ ነው። ጣቶቹ ገጥመው ተረፉ። ራሱን ነቀነቀ። ነጋዴው የነገራቸው ውሸት አልነበረም። ምሳ እንብላ፣ የምበላበትን ቤት ያያሉ አልሁት። በመንገድ ላይ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

መስተዋቱ ጥግ ተቀመጥን። አሳላፊው እጃችንን አስታጠበን። ቀይ ወጥ በእንጀራ አዘዝሁ፤ ፓስታውን ለማስተዋወቅ ጊዜው አልነበረም። ምግቡ ሲቀርብ አባቴ እጁን አልዘረጋም። መስተዋቱን ነበር የሚያየው። ከመስተዋቱ ማዶ መንገዱ ሰው በሰው ነው። ኩሊው ይሄዳል፣ ሊስትሮው ይሄዳል፣ ዶሮ አንጠልጥላ የምትሄድ ሴት አለች። የሚያልፈው ሁሉ ሳህናችንን አየት አድርጎ ነው የሚያልፈው። አንድ ኩሊ ጭነቱን መስተዋቱ ላይ አስደግፎ ለማረፍ ቆመ፤ ላቡን እየጠረገ ወጡን ትክ ብሎ ተመለከተው። አባቴ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጠ። እሱም አልበቃው ብሎ ጋቢውን አንሥቶ ሳህኑ ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋው። አሳላፊው ሮጦ መጥቶ፣ አባባ ብርድ ነው እንዴ ብሎ ጠየቀ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ አገር ሰው ሲበላ አይታይም። እንግዳ ድንገት ከገባ መሶቡ ይከደናል። መንገደኛ ሜዳ ላይ ስንቁን ሲፈታ ጋቢ ይከልላል። ለትልቅ ሰው ደግሞ በልቶ እስኪጨርስ ሌላው ነጠላ ዘርግቶ ይቆምለታል። የሰው ዓይን ያረፈበት ምግብ ሰውነት አይሆንም፤ በሽታ ነው የሚሆነው። ይህን ገና ጡት ሳልጥል የማውቀው ነገር ነበር። መርካቶ ገብቼ ስለ ዝንብና ስለ ጨርቅ ሳስብ ከልቤ ጠፋ። አባቴን ከዝንብ አድናለሁ ብዬ ግማሽ አዲስ አበባ በሚያየው መስተዋት ፊት አስቀመጥሁት።

«አንተ እዚህ ነው የምትበላው?» አለኝ።

አዎ አልሁ። ምን ልበል?

«አሁን ገባኝ» አለ አባቴ። «ለካ እየበላህ ነው የምትከሳው።»

ተነሣ። ወጡ እንደቀረበ፣ ሳይነካ፣ በዚያ ነጭ ጨርቅ ላይ ቀረ። ከፍዬ ተከተልሁት። በመንገዱ ላይ ለማግባባት ያላልሁት ነገር የለም፤ ቤቱን እቀይራለሁ አልሁ፣ ፈተናዬ ደርሷል አልሁ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ አልሁ። እሱ ሳይቆጣ መለሰልኝ፤ ዛሬ መኪና ካለ ዛሬ፣ ከሌለ ነገ እንሄዳለን፤ እናትህ ልጄን አምጣልኝ ብላለች። ከዚያ ዱላውን እያስቀደመ ወደ ጎጃም በረንዳ አቀና። እኔ ከኋላው እየሄድሁ፣ መጽሐፎቼን ለማን ሰጥቼ እንደምሄድ ማሰብ ጀምሬ ነበር። እንባዬ መጥቶ ነበር።

መኪኖቹ የሚቆሙበት ልንደርስ ስንል ከጠባቡ መንገድ አፍ ላይ አንድ ትልቅ ድምፅ፣ ያ ልጅ፣ ተሻለህ ወይ ብሎ ጠራኝ። ያቺ ሴት ናት። በእጇ የሽንኩርት ልጣጭ ይዛ ነበር። አባቴ የአገሩን ንግግር ሲሰማ ቆመ። ከየት ነሽ፣ ከየት ነዎት ተባባሉ፤ ሁለት ወንዝ የሚለያየው አገር ሆኖ ተገኘ። ሴትየዋ ምሳ በልተው እንደሆነ ጠየቀችው። አባቴ አልበላሁም አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ አፉ ምንም አልነካም። እሷም በሉ ግቡ ብላ መንገዱን ዘጋች። ሌላ ምን ተስፋ ነበረኝ? ተከትዬ ገባሁ።

ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጠችን። ድመቷ መሶቡ ላይ ነበረች። አባቴ እሱ ባይቀፈው እንኳ ያቺን ድመት ካየ ልጁን እዚህ አይተውም ብዬ፣ በእሱና በመሶቡ መካከል ገብቼ፣ ትከሻዬን ሰፋ አድርጌ ተቀመጥሁ። ሴትየዋ ከኋላዬ ድመቷን ብድግ ስታደርግ ተሰማኝ፤ እንጀራው መጣ። ጭልፋውን ስትልስ ደግሞ አባቴ እንዳያያት ስለ ከብቶቹ ጠየቅሁት። ወጡ ወጣ። ከዚያ ሴትየዋ ያልጠበቅሁትን አደረገች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጆቿ ዘርግታ መጋረጃው ክፍተት ላይ ቆመች። ከወዲያ ማዶ ደንበኞቿ ወጥ ጨምሪልን እያሉ ይጣራሉ፤ እሷ ቆይ እንግዳ እየበላ ነው ትላለች።

አባቴ ነጠላውን አየ። ትከሻው ሲላላ አየሁት። እጁን ዘረጋና በላ።

እኔ ዳር ዳሩን እየነካካሁ የበላ ለመምሰል ሞከርሁ። አባቴ ግን እንደሚያየኝ ያወቅሁት ጉርሻ ሲጠቀልል ነው። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ እንደ ጡጫ። ወደ አፌ ሲመጣ ጫፉ ላይ አንዲት ግራጫ ጸጉር ብቅ ብላ አየሁ። ከጉርሻው ባሻገር የአባቴ ዓይን ነበር። እንቢ ብል፣ ፊቴን ባዞር፣ ቢያቅለሸልሸኝ፣ ነገ ጠዋት ከቅቤ ቆርቆሮ ጋር መኪና ላይ እንደምጫን አውቄያለሁ። አፌን ከፈትሁ። የድመት ጸጉር ጉሮሮ ላይ እንዴት እንደሚጋደም ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ግን ምን በደላችሁኝ? ዋጥሁት። አንድ ጉርሻ ብቻ ተሰጥቶ አይቀርምና ሁለተኛው ተከተለ። እሱንም ዋጥሁት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በርበሬው ነው አልሁ።

አባቴ ተነሥቶ እጁን ታጠበና ሴትየዋን ጠራት።

«ይህን ልጅ አደራ ሰጥቼሻለሁ» አላት። «ሲበላ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት።»

«ከዚህ መጋረጃ ወዲያ አይበላም» አለች። «አባቴ ይሙት።»

እናም አባቴ በማግስቱ ብቻውን ተሳፈረ። እኔ ቀረሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ። ምሳ ሰዓት ላይ አደራ ምን እንደሆነ ገባኝ። ሴትየዋ እሱቃችን በር ላይ ቆማ፣ ደንበኛ በሞላበት፣ ምሳህ ቀዘቀዘ ብላ ጮኸች። አንድ ቀን ልቅር ብዬ ብደበቅ፣ ምግቡን በነጠላዋ ከድና ይዛ መጥታ፣ ጨርቅ የሚያማርጡትን ሴቶች ከሱቁ አስወጥታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመችልኝ። ባለ ሱቁ ከዚያ ወዲህ ምሳህን እዚያው ሂደህ ብላ አለኝ። ልብስ ሰፊው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን ሲጨርስ አብሮኝ መምጣት ጀመረ፤ ለእሱ ቤቱ እንከን አልነበረውም።

ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ እዚያ በላሁ። ትለምደዋለህ ይሉኝ ነበር። አልለመድሁም። በየቀኑ ድመቷ ብድግ ስትል ሆዴ አብሯት ብድግ ይላል። እንጀራውን ከመካከሉ መቁረስ፣ ሳህኑን ሳይሆን መጋረጃውን እያዩ መጉረስ፣ ሳይተነፍሱ መዋጥ ተማርሁ። ለሁሉም ዘዴ ነበረኝ፤ ለጭልፋው ብቻ ዘዴ አላገኘሁለትም። ወፈርሁ፤ ይህም ያናድደኝ ነበር። ሴትየዋን ግን ወደድኋት። በሌሎቹ ደንበኞች ላይ ትጮህ የነበረችው ሴት፣ ለእኔ ምንም ሥራ ቢኖርባት ነጠላዋን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በልቼ እስክጠግብ ትቆም ነበር። እጇ ሲዝል እግሯን ትቀያይራለች እንጂ ነጠላውን አታወርድም። እሷን እወዳታለሁ፤ ምግቧን እስከ መጨረሻው ቀን ተጸየፍሁ። ሁለቱ ነገሮች ምንም ሳይተዋወቁ ልቤና ሆዴ ውስጥ ኖሩ።

ትምህርቴን ጨርሼ አገር ቤት የገባሁ ቀን እናቴ ዶሮ ሠራች። ሳህኑ ንጹሕ፣ እንጀራው ንጹሕ፣ መሶቡ ላይ ማንም አልተኛበትም። በደስታ ተቀመጥሁ። አባቴ እጁን እየታጠበ ስለ መርካቶ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ያቺ ሴትዮ ደህና ናት?»

ደህና ናት፣ ሰላም በላቸው ብላለች አልሁት።

«ድመቷስ? አሁንም መሶቡ ላይ ነው የምትተኛው?»

እጄ እገበታው ሳይደርስ ቀረ። እናቴ ሳቀች። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመለስ እስከ አባይ ድልድይ ድረስ ከመኪናው ጎን አንገቱን አውጥቶ ሲያስታውክ እንደመጣ፣ እቤት እንደገባ ውሃ አስመጥቶ አፉን ሲጉመጠመጥ እንዳመሸ፣ በማግስቱም ኮሶ ካልጠጣሁ ብሎ እንደጠጣ ነገረችኝ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚህ ነው አለች፤ አንድ ጸጉር ካየ እራቱን ትቶ የሚተኛ ሰው ነው፤ እናንተ ልጆቹ እንዳትማሩት ብሎ ነው የሚደብቀው። አባቴን አየሁት። እሱ እንጀራውን ነበር የሚያየው።

ታዲያ አይተው ከሆነ ለምን እዚያ ተዉኝ ብዬ ጠየቅሁት።

እንጀራውን ቆረሰ፤ ከዶሮው ሥጋ ቆንጥሮ ጨመረበት፤ ጉርሻ መጠቅለል ጀመረ።

«ጉርሻው ላይ ጸጉር ነበረች» አለ። «ላነሣት ስል አንተም እንዳየሃት አየሁ። እስቲ ምን ያደርግ ይሆን ብዬ ተውኋት። አይተሃት ዋጥህ። ደግሜ ሰጠሁህ፤ ደግመህ ዋጥህ። ተጸያፊ ልጅ እንደወለድሁ አውቃለሁ። ትምህርቱን ይህን ያህል ከፈለገ ምን ብዬ ነው ይዤው የምመለሰው ብዬ ነው የተውሁህ።»

ጉርሻውን ወደ አፌ ዘረጋ። እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በበሩ በኩል ያዘችልን።